ወራጅ አለ

ዛሬ ገና ለሚሳፈር አንባቢ ጠጋ ጠጋ ብለን ቦታ እንልቀቅለት፤ እስካሁን የመጣንበትንም ባጭሩ እንንገረው።

አንድ ሕንጻ አለ። ከሥሩ አንዲት የጉዞ ቢሮ አለች፤ ከመጥበቧ የተነሳ ማራገቢያዋ የሚዞረው በየተራ ነው፤ መጀመሪያ አንዱ ክንፉ፣ እሱ ሲጨርስ ሌላው። እዚያች ቢሮ ውስጥ ሰው ሁሉ «ኪሎሜትር» የሚለው ጎረምሳ ይሠራል። ስሙ የወጣለት መንገድ ስለሚለካ አይደለም፤ የስንዝር ወሬ ከሰጡት ኪሎሜትር አድርጎ ስለሚመልስ ነው። ከቢሮዋ በላይ የመጋረጃ መደብር አለ። መደብሩም፣ ሕንጻውም፣ ደረጃውም፣ ደረጃው ላይ የምትተኛው ድመትም የአንዲት ባልቴት ናቸው። መጋረጃውን የምትሰፋው የባልቴቷ አንድ ልጅ ናት። ኪሎሜትር «ጥላዬ» ይላታል፤ እናቷ በማይሰሙበት።

ነገሩ የተጀመረው በስቴፕለር ነው። ልጅቷ አንድ ቀን ወርዳ ስቴፕለር ተዋሰች። በማግስቱ መለሰችው፤ እዚያው ቆማ እንደገና ተዋሰችው። መጋረጃ በስቴፕለር የሚሰፋበት አገር የለም። ግን እሱ አልጠየቀ፣ እሷ አላስረዳች፤ ስቴፕለሩ ብቻ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ከረመ። እግር ቢኖረው ኖሮ ይሄኔ ጉልበቱን ይታከም ነበር።

ቢሮዋ ግድግዳ ላይ ካርታ ተሰቅሏል። ለደንበኛ የሚሸጡት መንገዶች በሰማያዊ ክር ተዘርግተዋል። አንዱ ብቻ ቀይ ነው። ቀዩን ክር ከመጋረጃ ጠርዝ አስተርፋ ያመጣችው ልጅቷ ናት፤ ተራራውን ዞሮ ወደ በረሃው ከተማ ይወርዳል። የሁለቱ የራሳቸው ጉዞ ነው። ሁለቱም በረሃን በዓይናቸው አይተው አያውቁም። እሱ ሰው ሲልክ እንጂ ሲሄድ አልታየም፤ እሷን ደግሞ እናቷ እንኳን በረሃ ማዶ፣ መንገድ ማዶም ብቻዋን አይለቋትም። ስለዚህ በወሬ ይሄዱ ነበር።

«ሙቀቱ ሊበርድ ሲል፣ እንግዳ ገና ሳይጎርፍ እንሂድ» ይላታል። «ያኔ ዋጋው ልብ አይሰብርም።»

«መዋኛ ያለው ሆቴል ውስጥ ነው የምናርፈው?»

«መዋኛው ዋጋ እንጂ ውሃ የለውም። ከከተማው ግንብ ውስጥ ያለችው ትንሽዬ ማረፊያ ትሻለናለች። ጣሪያ ላይ ነው የሚተኛው፤ ኮከብ ሲበዛብሽ በእጅሽ ገለል ታደርጊያለሽ። መኪናውን ደግሞ ከሌሎች ጋር እንጋራለን።»

«እኔ አልጋራም።»

«ምኑን?»

«አንተን።»

እንዲህ ነበሩ። አሁን ወደ መጥፎው ቀን እንሂድ።

*

እናትየው ወደ ቢሮዋ የገቡት ጠዋት ነው፤ ቦርሳቸውን ጠረጴዛው ላይ፣ ዓይናቸውን ካርታው ላይ ጣሉ።

«አንተ ልጅ፣ አንድ ጉዞ አውጣልኝ። ዋጋው መካከለኛ ይሁን። ግን መካከለኛ አይምሰል።»

«ለማን ነው እትዬ?»

«ለእኔ፣ ለልጄና ለጥርስ ሐኪሙ።»

«የቱ የጥርስ ሐኪም?»

«ሁለተኛ ፎቅ ላይ ክሊኒክ ሊከፍት ነዋ! ጨዋ ልጅ ነው። ወጣ ብለው ይተዋወቁ ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን እግዜር ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ።» ጣታቸው ተነሳ። «ይሄ ቀይ ክር የት ነው የሚሄደው?»

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን «መንገዱ ተዘግቷል» ብሎ ይገላገል ነበር። ወይ ደግሞ እውነቱን ይናገር ነበር፤ ሩቅ ነው፣ አቧራ ነው፣ መጸዳጃው ውጪ ነው። ሴትዮዋ ይህን ሲሰሙ ቦርሳቸውን አንስተው ይወጡ ነበር። ኪሎሜትር ግን ሊያስፈራራቸው የፈለገው በሚችልበት መሣሪያ ነው።

«እሱን እንኳ ይተዉት እትዬ። ሙቀቱ አይጣል ነው! እኩለ ቀን ላይ ጥላ ራሱ ጥላ ፍለጋ ከግመል ሆድ ሥር ይገባል።»

ሴትዮዋ ፈገግ አሉ። «እና ግመሉስ?»

«ግመሉማ ጠዋት ማዛጋት ይጀምርና ማታ ነው አፉን የሚገጥመው። አንድ ነጋዴ አፉ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ፣ ሸጦ፣ ዘግቶ ወጥቷል።»

«ውይ በሞትኩት! ቀጥል፣ ቀጥል።»

ላቡን ጠረገና ባሰበት። የከተማው ግንብ ከመወፈሩ የተነሳ በጎረምሳነቱ በሩን አንኳኩቶ የገባ ሰው ወዲያ ማዶ ሲደርስ ሸብቶ ነበር አለ። የጨው ሐይቁ ከመንጣቱ የተነሳ ሰው ቆሞ ሲያየው ሌሊት ያየው ሕልም ይታየዋል አለ። የድንጋይ ቅስት አለ አለ፤ ከሥሩ ቆመው የጮኹት ነገር የገደል ማሚቶ ሆኖ የሚመለሰው በማግስቱ ነው፤ ዓይን አፋሮች የልባቸውን ተናግረው መልሱ ሳይደርስ ይሮጣሉ። በመጨረሻ የአሸዋው ኮረብታ አለ፤ ፀሐይ የምትጠልቀው እዚያ ጫፍ ላይ ነው፤ ከመቅረቧ የተነሳ ሰዎች ክብሪት ይለኩሱባታል።

ባስፈራራ ቁጥር ሴትዮዋ ሳቁ። ስቀው ስቀው እንባቸውን በመሐረብ አበሱ።

«ባሌ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም» አሉ። «ይሄ ነው የምፈልገው። ኮረብታው ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ዶክተር የልቡን ይነግራታል። ሌላ እንዳታሳየኝ።»

እሳቸው ከወጡ በኋላ ኪሎሜትር ቀዩን ክር በጣቱ ነካው። ሕይወቱን ሙሉ ሲዋሽ ማንም አምኖት አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ባይታመን በወደደበት ቀን ታመነ።

*

ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ወረደች። ስቴፕለሩን አልያዘችም።

«ሸጥከው» አለችው።

«አልሸጥኩትም። ላስፈራራቸው ብዬ ነው።»

«በምን?»

«በ... ግመል።»

«እማዬ ከጠዋት ጀምሮ ስለ ግመሉ እየሳቀች ጨርቅ አበላሸች። ለደንበኛ ሁሉ እያዛጋች ታሳያለች።» ሳቅ አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። «የኔን ኮረብታ፣ የኔን ጣሪያ... ለዚያ ሰውዬ እንደዚያ አድርገህ አስዋብክለት?»

«ወላሂ አስቀያሚ ላደርገው ነው የሞከርኩት። አልሆንልህ አለኝ። ስለዚያ ቦታ አፌን ስከፍት አንቺ ነሽ የምትመጪብኝ።»

ይሄኛው ውሸት እንዳልሆነ አወቀች መሰለኝ፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ለምን 'ልጅዎን እወዳታለሁ' አላልካትም?»

«ምን ይዤ? እኔኮ የምቀመጥበት ወንበር እንኳ እናትሽ ሕንጻ ውስጥ ነው ያለው። ቤቴን ታውቂዋለሽ።»

ታውቀዋለች። ኪሎሜትር የሚኖረው ከታላቅ ወንድሙ ቤተሰብ ጋር በአንድ ክፍል ነው፤ የእሱን አልጋ ከእነሱ የሚለየው መጋረጃ ነው። መጋረጃውን የሰፋችለት እሷ ናት። የወንድሙ ሚስት በዚያ በኩል ስታስነጥስ እሱ በዚህ በኩል «ይማርሽ» ይላል።

«ስማኝ» አለችው። «መኪናውን በወንበር የምትነዳበትን ቀን እናቴ ቀጥራለች አይደል?»

እዚህ ላይ ይህችን ልማድ ለማያውቅ ሰው እንንገረው። የቢሮዋ ጉዞዎች መካከለኛ ስለሆኑ መኪናዋም መካከለኛ ናት፤ ጠባብና አሮጌ፣ ከሹፌሩ ጀርባ ያለው የኋላ በሯ ከውስጥ የማይከፈት። እዚያ የተቀመጠ ሰው መውረድ ሲፈልግ አንድ ሰው ዞሮ ከውጭ ይከፍትለታል። ሰዎች ታጭቀው ሲሄዱ በቦታ እንዳይጣሉ፣ ኪሎሜትር ከጉዞው በፊት ደንበኞቹን ይጠራና ወንበሮቹን እንደ መኪና ይደረድራል። ክብ የሻይ ትሪ መሪው ነው። ከፊቱ ልጅቷ የሰጠችው ትንሽ መስታወት በክር ይንጠለጠላል። ጉዞውን በሙሉ እዚያው ነድቶ ያሳያቸዋል። አንዲት ሴትዮ ወንበር ላይ እንዳሉ መኪናው አቅለሽልሿቸው ፌስታል ጠይቀዋል፤ ይሄ እውነት ነው፣ የነገረን ራሱ ኪሎሜትር ነው። በመጨረሻም «ወራጅ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሐሳቡን የቀየረ ሰው ያኔ ይወርዳል፤ ማንም አይቀየመውም።

«አዎ» አላት። «ቀጥረዋል።»

«'ወራጅ አለ?' ስትል 'አለ' እላለሁ። እማዬም እሱም ባሉበት። መውረዱን እችልበታለሁ።» እጁን ያዘችው፤ የመርፌ ቀዳዳ የጠገበ ጣቷ ሻካራ ነበር። «ብቻ ባዶ ሜዳ ላይ አታውርደኝ። በሩን አንተ ክፈትልኝ። ስወርድ አጠገቤ ቁም። ንግግር እንኳ አልጠይቅህም፣ ቁም ብቻ።»

«እከፍትልሻለሁ።»

«አትቀልድ።»

«ቀልድ ቢሆን ይሄኔ ረዝሞ ነበር» አላት።

ስትወጣ ደረጃው ላይ የእግሯን ኮቴ አዳመጠ። ቀላል ነበር፤ የሚጠብቀው ነገር ያለው ሰው ኮቴ።

*

ቀኑ ደረሰ። ኪሎሜትር ሸሚዙን ተኩሷል፤ አንድ አረፍተ ነገርም አጥንቷል፦ «እትዬ፣ እኔ ልጅዎን እወዳታለሁ።» በዕድሜው ሙሉ ከተናገረው ሁሉ አጭሩ ነው።

እናትየው ከፊት፣ ከጎኑ ተቀመጡ፤ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈዋል። ልጅቷ ከጀርባው፣ ያ በር ባለበት በኩል። ሐኪሙ ከእሷ ወዲያ።

ሐኪሙን ልንጠላው ፈልገን ነበር፤ አልተመቸንም። ረጋ ያለ፣ እጁን ታጥቦ የማይጠግብ ሰው ነው። ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት በሌለው ጣሪያ ጭንቅላቱን እንዳይመታ ጎንበስ አለ። ኪሎሜትር ይህን አየ፤ ከደንበኛ ሁሉ መኪናውን ከልቡ ያየለት የመጀመሪያው ሰው ነው።

«አንድ ነገር ልበል?» አለ ሐኪሙ። «እኔ ታካሚዎቼ አፋቸው ተከፍቶ መናገር ስለማይችሉ፣ 'ሲያማችሁ እጃችሁን አንሱ' እላቸዋለሁ። እጅ ከተነሳ፣ ምንም ይሁን ምን አቆማለሁ። መንገድ ላይም የደከመው ሰው እንዲሁ ቢያደርግስ?»

«ታድለህ!» አሉ እናትየው። «ሰማሽ ልጄ?»

«ሰምቻለሁ እማዬ።»

ኪሎሜትር ትሪውን ያዘ። «ቀበቶ!» አለ። ሁሉም የሌለውን ቀበቶ አሰሩ። ተነሱ።

እንደዚያ ቀን ነድቶ አያውቅም። ተራራውን ሲዞሩ እናትየው ወደ ጎን ተንጋደዱ። ቁልቁለቱ ላይ ሐኪሙ ፍሬን ያለ ይመስል በጫማው ወለሉን ረገጠ። ማራገቢያው የበረሃ ነፋስ ሆነ፤ የሻይ ማንቆርቆሪያው ፉጨት የሩቅ ባቡር። ግንቡ ጋ ደረሱ፤ የሸበተውን ሰውዬ ሰላም አሉት። ከጨው ሐይቁ ዳር ቆሙ፤ እናትየው ዓይናቸውን ከነጸብራቁ በእጃቸው ከለሉ። በመስታወቱ ውስጥ ልጅቷ ዓይኗን አልነቀለችበትም። እሱም እያያት ነበር የሚነዳው። ሹፌር እንደዚያ ወደ ኋላ እያየ ቢነዳ እውነተኛ መኪና ገደል በገባ ነበር። ከእሷ ጋር አብሮ ተጉዞ የማያውቀውን መንገድ አሁን አብሯት እየተጓዘ ነው፤ ጎኑ እናቷ፣ ጎኗ ሌላ ሰው።

ከድንጋዩ ቅስት ሥር ቆሙ።

«እዚህ ነው በማግስቱ የሚመለሰው?» አለ ሐኪሙ።

«እዚህ ነው ዶክተር።»

«ምንም ያላለ ሰውስ?» አለች ልጅቷ ከኋላ። መንገድ ከጀመሩ ወዲህ አፏን ስትከፍት የመጀመሪያዋ ነበር።

ኪሎሜትር ተረት ፈለገ። ሁልጊዜ ከምላሱ ሥር ተሰልፈው የሚጠብቁት ተረቶች፣ ዛሬ አንዱም አልነበረም።

«ምንም አይመለስለትም» አላት።

ከዚያ ኮረብታው ላይ ወጡ። ከሰዓት በኋላው ፀሐይ እውነተኛውን የቢሮዋን መስኮት አልፎ ገባና የአራቱም ፊት ላይ ቢጫ ሆኖ ወደቀ። እናትየው እንኳ ቦርሳቸውን ለቀቁ። «ደስ ይላል» አሉ ቀስ ብለው፤ እዚያ የሌለ ሰው አጠገባቸው እንዳለ ዓይነት። «እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።»

ኪሎሜትር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወራጅ አለ?»

ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ አየችው።

«ወራጅ አለ» አለች።

እናትየው ሳቃቸውን ለቀቁት። «ይቺ ልጅ! ታክሲ መሰላት እኮ!» ጉልበታቸውን መቱ። «አሁን ደግሞ መልስ ስጠኝ በያ!»

«አልቀለድኩም እማዬ። መውረድ እፈልጋለሁ።» ድምጿ ተሰነጠቀ። «ሹፌር፣ በሩን ክፈትልኝ።»

ኪሎሜትር ተነሳ። ማለት በሐሳቡ ተነሳ። በሐሳቡ ዞሮ በሩን ከፈተ፣ ያጠናትን አጭር አረፍተ ነገር ተናገረ፣ አጠገቧ ቆመ። ወንበሩ ላይ ያለው ኪሎሜትር ግን አልተነቃነቀም። ሁለት እጁ ትሪው ላይ ተጣብቋል። አወርዳታለሁ፤ ከዚያስ? አለ በልቡ። ከዚህ ኮረብታ አውርጄ የት ላደርሳት ነው? ከመጋረጃው ጀርባ? የወንድሜ ሚስት ስታስነጥስ ሁለታችንም «ይማርሽ» ልንል? ከጎኑ ሴትዮዋ እየሳቁ እንባቸውን ያብሳሉ፤ ሳቃቸውን የመለሰላቸው እሱ ነው። ከኋላ ሰውዬው እሱ የፈለሰፈውን ጣሪያ እንኳ አክብሮ ጎንበስ ያለ ሰው ነው። ተነስ አለ ለእግሩ። እግሩ የሌላ ሰው እግር ሆነ።

በመስታወቱ ውስጥ ልጅቷ ጠበቀችው። ጠበቀችው። ድምፅ እምቢ ሲላት፣ ወደ በሩ የዘረጋችው እጇ አየር ላይ ቀረ።

የተነሳ እጅ።

ሐኪሙ አየው። አንድም ቃል ሳይናገር በእሱ በኩል ያለውን በር ከፍቶ ወረደ፤ ከወንበሮቹ ጀርባ ዞረ፤ ከእሷ በኩል ቆሞ፣ የሌለውን እጀታ ይዞ ሳበ። ያ አሮጌ በር ሲከብድ እንዴት እንደሚሳብ ማን እንደነገረው እንጃ፤ በትከሻው ጭምር ሳበ። ጎንበስ ብሎ ጠበቃት።

ልጅቷ ወረደች። አሸዋው ላይ ቆመች።

የእናትየው ሳቅ እየቀነሰ መጣ። ሐኪሙ በሩን እንደያዘ፣ ፊቱን ወደ ልጅቷ አይደለም፣ ወደ ሹፌሩ አዞረ። ጥርስ የሚያይ ሰው ሕመሙ ከየት እንደሚነሳ ያውቃል፤ ካበጠው ቦታ ራቅ ያለችውን ጥርስ ይነካል። መስታወቱን አየ፤ መስታወቱ ወዴት እንደዞረ አየ።

«ወንድሜ» አለው በለሰለሰ ድምፅ፣ «እዚህ ቦታ ብንቆይ ችግር አለ? እኔ አልቸኩልም። የምትለው ነገር ካለ ጊዜ አለን።»

ከዚህ በላይ የተከፈተ በር በምድር ላይ አልነበረም።

ልጅቷ ዞራ ቆማለች። ፀሐዩ ግማሽ ፊቷ ላይ ነው። ለኪሎሜትር ያኔ የታየው ኮረብታው ሁሉ ነው፤ ግንቡም፣ ሐይቁም፣ ኮከብ የሞላው ጣሪያም፤ ሲዋሽለት የከረመው ሁሉ እውነት ሆኖ እሷ መሃሉ ቆማለች። አፉን ከፈተ። አንድ ስንዝር ብቻ ነው የሚፈለገው። ኪሎሜትር አይደለም፤ አንድ ስንዝር።

«እዚህ ብዙ አያስቆምም» ሲል ራሱን ሰማው። «ይመሻል።»

ልጅቷ ጭንቅላቷን በእሺታ ነቀነቀች። እንደ መንገደኛ፣ ሹፌር ሰዓቱን እንደነገረው ሰው። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተመልሳ ገባች። ሐኪሙ ጥቂት ጠበቀ፤ ከዚያ በሩን ዘጋው፤ ያልነበረው በር ሲዘጋ አራቱም ሰሙት።

«ኧረ ምን ሆናችኋል?» አሉ እናትየው፣ አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ እያዩ። ቦርሳቸውን መልሰው አቀፉ። «በል አንተ ልጅ፣ ንዳ እንጂ። መመለሻውን አሳየን።»

ኪሎሜትር ትሪውን አዞረ። በመመለሻው መንገድ ግመል አላዛጋም። ማራገቢያው ማራገቢያ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ሲያያት ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች፤ መስኮት በሌለበት፣ ካርታው በተሰቀለበት ግድግዳ በኩል፤ በዓይኗም በቀዩ ክር ላይ እየተመለሰች ነው፣ ከበረሃው ወደ ተራራው፣ ከተራራው ወደ ቤት።

አንዴ፣ አንዴ ብቻ ሊያቆምላት እግሩ ወለሉን ዳሰሰ። ትሪን መሪ አድርጎ፣ መስታወት ሰቅሎ፣ በር እንኳ ሠርቶ ነበር። ፍሬን ግን አልሠራም።